አውቶማቲክ ካምቢዮን በግቢ ውስጥ ማውረድ፦ ከአንድ አሮጌ መርሴዲስ ያገኘሁት ትምህርት

መግቢያ

በትምህርት ክፍላችን ስለ ካምቢዮ ስንማር አብዛኛው የወርክሾፕ ሰዓታችን የሚያልቀው በማንዋል ካምቢዮ ላይ ነው። ፍሪሲዮን እናወርዳለን፣ ማርሾቹን እንቆጥራለን፣ መልሰን እንገጥማለን። አውቶማቲኩን ግን የምናውቀው በሥዕልና ለማሳያ ተቆርጦ ከተከፈተው ሞዴል ነው። እኔም እስከ ዘንድሮው የሴሚስተር እረፍት ድረስ ከዚህ ያለፈ እውቀት አልነበረኝም። በዚህ ጽሑፍ በአጎቴ ግቢ ውስጥ ከአንዲት አሮጌ መኪና ላይ አውቶማቲክ ካምቢዮ ለምንና እንዴት እንዳወረድን፣ ምን ሊበላሽብን እንደነበርም አስረዳለሁ። ጉብዝናዬን ላወራ አይደለም። ሥራው ከጉልበት ይልቅ ቅደም ተከተልን የሚጠይቅ መሆኑን ላሳይ ብዬ ነው።

መኪናዋና ችግሯ

አጎቴ እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች መርሴዲስ 240 ዲ አለቻቸው። ደብልዩ 123 ተብሎ የሚታወቀው ይህ የመኪና ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1986 ወደ 2.7 ሚሊዮን በሚጠጋ ቁጥር የተመረተ ነው። የእሳቸው ባለ 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተርና ባለ 4 ፍጥነት አውቶማቲክ ካምቢዮ ናት። አጎቴ በቆየ ጉዳት ምክንያት ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ለመርገጥ አይታዘዝላቸውም። ስለዚህ አውቶማቲክ የያዙት ለቅንጦት አይደለም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጠዋት ሞተር አስነስተው ወደ ዲ ሲያስገቡ መኪናዋ ሁለት ሦስት ሰኮንድ ቆማ ነበር የምትነሳው። ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አትሄድም። የምታድርበት ቦታ ላይም ዘይት ይንጠባጠባል። ወደ አንድ ጋራዥ ቢወስዷት «ካምቢዮው አልቆለታል፤ እሱን ጥለን ማንዋል እንግጠምልዎ» አሏቸው። ማንዋል ከተገጠመ ግን መኪናዋ ለእሳቸው መኪና መሆኗ ቀረ ማለት ነው።

«እንግዲህ መሸጥ ነው» አሉኝ በዚያው ማታ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ ልየው» አልኳቸው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ በአጭሩ

የማውረዱን ሥራ ለመረዳት ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። በማንዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲኩ ግን ቦታውን የሚይዘው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። ኮንቨርተሩ በዘይት የተሞላ ድቡልቡል የብረት ቤት ሲሆን በውስጡ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ከሞተሩ ጋር እየዞረ ዘይቱን የሚወረውር ነው። ሁለተኛው የተወረወረውን ዘይት ተቀብሎ የካምቢዮውን ዘንግ ያዞራል። ሦስተኛው መካከል ላይ ሆኖ ተመላሹን ዘይት አቅጣጫ ያስይዛል። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚሠራው ሁለቱን የሚያገናኛቸው ዘይት ብቻ ስለሆነ ነው።

ኮንቨርተሩ ከፊት በኩል በቡሎን የሚታሰረው በቮላኖ ቦታ ከተቀመጠ ስስ የብረት ሳህን ጋር ነው። ከኋላ በኩል ደግሞ አንገቱ ወደ ካምቢዮው ገብቶ የዘይት ፓምፑን ያዞራል። ማርሽ የሚቀያየረውም፣ ውስጡ ያሉት የፍሪሲዮን ዲስኮችና ባንዶች የሚጨብጡትም በዚህ ፓምፕ ግፊት ነው። አብዛኛው አውቶማቲክ መኪና ተገፍቶ የማይነሳው ለዚህ ነው፤ ሞተሩ ካልዞረ ፓምፑ አይዞርም፣ ግፊትም የለም። ኮንቨርተሩ አንገት ዙሪያ ላይ አንድ የጎማ ፓራኦሊዮ አለ። የእኛ ታሪክ በሙሉ በዚህች ፓራኦሊዮ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከማውረድ በፊት ማረጋገጥ

ካምቢዮ ማውረድ የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። እኛ ሦስት ነገሮችን አየን።

አንደኛ፣ የዘይቱን መጠንና ጠባይ። የካምቢዮ ዘይት የሚለካው መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ነው። ብናየው መለኪያው ጫፍ ላይ እንኳ አልደረሰም። ነገር ግን ዘይቱ ቀይነቱን አልለቀቀም፣ የተቃጠለ ሽታም አልነበረውም። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ቢሸት ኖሮ የውስጥ ዲስኮቹ ነደዋል ብለን እንጠረጥር ነበር። በልኩ ዘይት ጨምረን ብንነዳት መዘግየቱም፣ ዳገት ላይ መጮኹም ጠፋ። ስለዚህ ካምቢዮው አላለቀም፤ ዘይት አልቆበት ነበር። ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ሲስብ ግፊት ያጣል፤ ዲስኮቹም ይንሸራተታሉ። በዚህ ሁኔታ ብዙ ቢነዱት ግን በእርግጥም ያልቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ የቫኪዩም መስመሩን። የናፍጣ ሞተር በራሱ በቂ ቫኪዩም ስለማይፈጥር በዚህ መኪና ላይ የቫኪዩም ፓምፕ ተገጥሟል። ይኸው ቫኪዩም ፍሬኑን ያግዛል፣ በሮቹን ይቆልፋል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ የማርሽ አቀያየሩንም ያለሰልሳል። በመሆኑም በር ውስጥ ያለች አንዲት የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ማርሹ እየደነገጠ እንዲገባ ልታደርግ ትችላለች። እንዲህ ዓይነት መኪና እየተንገጫገጨ ማርሽ ሲቀይር ካምቢዮው ከመነካቱ በፊት ቱቦዎቹ መታየት አለባቸው። የእኛ ደህና ነበሩ።

ሦስተኛ፣ ዘይቱ የሚወጣበትን ቦታ። ከሥር ያለውን ቆሻሻ በሙሉ አጥበን ካደረቅን በኋላ የሕፃን ፓውደር ነፋንበት። ሞተሩን አሙቀን ስናይ የካምቢዮው ኮፓ ጋርኒሲዮንም፣ ወደ ራዲያተር የሚሄዱት ቱቦዎችም ደረቅ ናቸው። ፓውደሩን ያረጠበው በሞተሩና በካምቢዮው መገናኛ ሥር ካለው ክፍተት የሚወርደው ዘይት ነው። ከዚህ ቦታ ሁለት ዓይነት ዘይት ሊወርድ ይችላል። ጥቁር ከሆነ የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ ነው፤ ቀይ ከሆነ የኮንቨርተሩ ነው። የእኛ ቀይ ነበር። ይቺን ፓራኦሊዮ ለመቀየር ካምቢዮውን ከማውረድ ሌላ መንገድ የለም።

ከሥር ከመግባት በፊት

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። ካምቢዮው ከነኮንቨርተሩ ከአንድ ሰው ክብደት የማያንስ ነው። መኪናዋ ደግሞ ከአንድ ቶን በላይ ናት። በሁለቱ መካከል የሚተኛው ደረት የኛ ነው።

ክሪክ የሚያገለግለው ለማንሳት ብቻ ነው፤ መኪና ይዞ ለማቆየት አይደለም። መኪናዋ መቀመጥ ያለባት ለዚሁ በተሠሩ የብረት መደገፊያዎች ላይ ሲሆን መደገፊያዎቹም ጠንካራው የሻንሲ ክፍል ሥር መግባት አለባቸው። ብዙ ግቢ ውስጥ እንደሚታየው በብሎኬት ወይም በድንጋይ መደገፍ ፈጽሞ አይገባም። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ አንድ ነጥብ ላይ ጭነት ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የአጎቴ ግቢ አፈር ስለሆነ መደገፊያዎቹ እንዳይሰምጡ ሥራቸው ወፍራም ጣውላ አነጠፍን። አራት መደገፊያ ለማግኘት ሁለት ቀን ለምነናል፤ ያለ እነሱ ግን አንጀምርም ነበር።

ከዚያም የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታን። ወደ ሞቶሪኖ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ቁልፉ ባይከፈትም ኃይል ስላለው ከሻንሲ ጋር ከተነካካ እሳት ነው። ጭስ ማውጫው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። የተፈቱትን ሁለት ጎማዎች ከመኪናዋ ጎን ሥር አጋድመን አስገባን፤ መደገፊያ ቢከዳ እንኳ መሬት ድረስ እንዳትወርድ። መጨረሻ ላይ መኪናዋን በኃይል ገፋ ገፋ አድርገን ሞከርናት። መነቃነቅ ካለባት ከሥሯ ሰው ሳይኖር ትነቃነቅ።

አወራረዱ በቅደም ተከተል

ረዳቶቼ የአጎቴ ልጅና ጎረቤታችን የሆኑ ጡረታ የወጡ መካኒክ ነበሩ። አባባ ራሳቸው ከሥር አልገቡም፤ ወንበር አስመጥተው ከጎን ተቀምጠው ነው ያዘዙን። የመጀመሪያው ትእዛዛቸው ስድስት ባዶ ቆርቆሮ እንድናመጣ ነበር። ከአንድ ቦታ የወጣ ቡሎን በአንድ ቆርቆሮ፣ በላዩም ጽሑፍ።

1. ዘይቱን ማውጣት። ኮፓው ላይ አንድ መክፈቻ አለ፤ በዚህ መኪና ኮንቨርተሩም የራሱ መክፈቻ አለው። ሞተሩን ከፊት በኩል በ27 ቡሶላ ወደሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ እያዞርን የኮንቨርተሩን መክፈቻ ወደ ታች አምጥተን ፈታነው። ኮንቨርተሩ ሳይራገፍ ቢወርድ ክብደቱም ይጨምራል፣ ዘይቱም ፊት ላይ ይፈሳል።

2. ጭስ ማውጫውን ከካምቢዮው ማሰሪያ መፍታትና መንገድ ላይ ያለውን ክፍል ማውረድ። የዛጉ ቡሎኖች ላይ ከአንድ ቀን በፊት ዘይት መርጨት ብዙ ድካም ይቀንሳል።

3. ትራስሚሲዮኑን መለየት። መጀመሪያ ከካምቢዮው ጋር የተገናኘበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርገን ከዚያ የጎማ ዲስኩን ቡሎኖች ፈታን። ምልክቱ ከተረሳ ሲመለስ ሚዛኑ ሊዛባና መኪናዋ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች። የመካከለኛውን ኩሽኔታ ማሰሪያና የትራስሚሲዮኑን ማጥበቂያ ዳዶ ስናላላ ዘንጉ ወደ ኋላ ሸሸልን።

4. ካምቢዮውን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዙትን ትናንሽ ነገሮች አንድ በአንድ መፍታት፦ የማርሽ ዘንጉን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ገመድ፣ ከነዳጅ ፔዳሉ የሚመጣውን ማያያዣ፣ የቫኪዩም ቱቦውን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን፣ የዘይት መለኪያውን ቱቦና ወደ ራዲያተር የሚሄዱትን ሁለት የዘይት ቱቦዎች። የተከፈቱትን አፎች በንጹሕ ፕላስቲክ ማሰር ያስፈልጋል፤ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጠላት ናት። ከመፍታታችን በፊት እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ አንስተናል።

5. ኮንቨርተሩን ከሳህኑ መፍታት። ከሥር ባለው ትንሽ መስኮት በአንድ ጊዜ የሚታዩት ሁለት ቡሎኖች ብቻ ናቸው። እነሱን ፈትቶ ሞተሩን በእጅ ማዞር፣ ቀጣዮቹን መፍታት ነው። በእኛ መኪና ስድስት ናቸው፤ በሌሎች መኪናዎች ቁጥሩ ይለያያል።

6. ሞተሩንና ካምቢዮውን መደገፍ። የኋላው ሱፖርቶ ሲፈታ ሞተሩ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል በሞተሩ ኮፓ ሥር ሰፊ ጣውላ አድርገን በአንድ ክሪክ ደገፍነው። ካምቢዮውን ደግሞ በሁለተኛው ክሪክ ይዘን በቀበቶ አሰርነው። ከዚያ በኋላ ነው ሱፖርቶውና ተሻጋሪው ብረት የሚፈቱት።

7. ሞቶሪኖውንና የመገናኛውን ቡሎኖች መፍታት። ላይኛዎቹ ቡሎኖች በቀጥታ አይደረስባቸውም። ካምቢዮውን ጥቂት ዝቅ ሲያደርጉት ሞተሩ ያጋድልና ረጅም ማርዘሚያ በካምቢዮው አናት ላይ አልፎ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ የሞተሩ ቱቦዎች እንዳይወጠሩ፣ ቬንቲሌተሩም ራዲያተሩን እንዳይነካ ማየት አለበት።

አምስት ቡሎን

ሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ፈትተን ካምቢዮውን ወደ ኋላ መሳብ ጀመርን። ጣት የሚያስገባ ያህል ተከፈተና ቆመ። እኔ ደክሞኝ ስለነበር ካቻቢቴ አስገብቼ ልፈለቅቀው ተነሣሁ። የአጎቴ ልጅም ከሥር ሆኖ ሊስብ ተዘጋጀ።

«ተው አንተ ልጅ» አሉ አባባ። «የኮንቨርተሩን ቡሎን ቁጠር።»

ቆርቆሮውን መሬት ላይ ገለበጥኩት። አምስት ነው። ድጋሚ ቆጠርኩ፤ አምስት ነው። ሞተሩን ስናዞር አንዷን ዘለናት ኖሯል።

ብንስበው ምን ይሆን ነበር? ኮንቨርተሩ በአንድ ቡሎን ሳህኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና ካምቢዮው ብቻውን ይመጣ ነበር። ሳህኑ ይጣመማል፣ የፓምፑ መያዣ ሊሰበር ይችላል። ወይም ደግሞ ቡሎኗ ስትለቅ ኮንቨርተሩ ከአንገቱ ወልቆ ከሥር ባለው ልጅ ላይ ይወርዳል። አጎቴ ሊያድኑት የፈለጉትን ካምቢዮ በደቂቃ ውስጥ እኛው ራሳችን «አልቆለታል» የሚባል እናደርገው ነበር። ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ ኮንቨርተሩ ምንጊዜም ከካምቢዮው ጋር አብሮ መውጣት አለበት። ስድስተኛዋን ከፈታን በኋላ ኮንቨርተሩን በእጃችን ወደ ካምቢዮው ገፋነው። ከዚያም ወደ ፊት እንዳይንሸራተት በመገናኛው ፊት ላይ አንድ ጠፍጣፋ ብረት በቡሎን አሰርን። ካምቢዮው ያለ ምንም ጉልበት ወረደ።

ያገኘነውና መልሶ መግጠሙ

ፓራኦሊዮዋ ጎማነቷ ጠፍቶ እንደ ፕላስቲክ ደርቃለች፤ በጥፍር ሲጫኗት አትታጠፍም። ከዕድሜዋና ከሙቀቱ አንጻር የሚጠበቅ ነው። የኮንቨርተሩን አንገት በጣታችን ዳሰስነው፤ ጎድጎድ ያለ መስመር ቢኖርበት አዲሷም ፓራኦሊዮ ታፈስ ነበር። የእኛ ልስልስ ነበር። ሁሉም ክፍት እያለ የሞተሩን የኋላ ፓራኦሊዮ አየን፤ ደረቅ ነው። የካምቢዮውን ፊልትሮ፣ የኮፓውን ጋርኒሲዮንና ጫፉ የተሰነጠቀውን የጎማ ዲስክ ግን ቀየርን።

ሲመለስ ትልቁ አደጋ ኮንቨርተሩ እስከ መጨረሻው ሳይገባ መቅረቱ ነው። አንገቱን ዘይት ቀብተን ቀስ እያዞርን ስንገፋው ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ድምፁም ይሰማል። ከመፍታታችን በፊት ከመገናኛው ፊት እስከ ኮንቨርተሩ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክተን ጽፈን ነበር። ያ ቁጥር እስኪመለስ ድረስ አልቆምንም። መገናኛው ከሞተሩ ጋር መግጠም ያለበት በእጅ ነው። ካልገጠመ ቡሎን አጥብቆ መሳብ ፓምፑን መስበር ነው። ከገጠመ በኋላም ኮንቨርተሩ በእጅ ሲዞር ነፃ መሆን አለበት። ነፃ ካልሆነ ወርዶ እንደገና መታየት ይኖርበታል።

ዘይቱንም በአንድ ጊዜ አልሞላንም። መጀመሪያ 4 ሊትር ያህል ጨምረን ሞተሩን አስነሣን፤ ፓምፑ ኮንቨርተሩን ሲሞላ መጠኑ ስለሚወርድ ወዲያው ጨመርን። ከዚያ ፍሬን ረግጠን ማርሹን በየቦታው እያሳለፍን፣ ሲሞቅ እንደገና ለክተን አስተካከልን። ከመጠን በላይ መሙላትም ጉዳት አለው፤ ዘይቱ አረፋ ይሠራና ግፊት ያሳጣል። አሮጌውን ዘይት በጀሪካን ሰብስበን አሮጌ ዘይት ለሚረከቡ ሰጠን እንጂ ቦይ ውስጥ አልደፋንም።

ማጠቃለያ

ሥራው ለማውረድ ሁለት ቅዳሜ፣ ለመመለስ አንድ ቅዳሜና እሑድ ፈጀ። ከዘይቱ ሌላ የገዛነው ዕቃ ፓራኦሊዮ፣ ፊልትሮ፣ ጋርኒሲዮንና የጎማ ዲስክ ብቻ ነው። መኪናዋ የምታድርበት ቦታ ላይ ካርቶን ካነጠፍን ወር አለፈ፤ ካርቶኑ እስካሁን ደረቅ ነው። አጎቴም ጠዋት ጠዋት ራሳቸው እየነዱ ይወጣሉ።

ይህን ሥራ ሁሉም ሰው ግቢው ውስጥ ይሥራው አልልም። ደልዳላ ቦታ፣ አራት ትክክለኛ መደገፊያ፣ ሁለት ረዳትና ጊዜ የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻላል። እኛ ተማሪዎች ግን ከዚህ ሁለት ነገር ልንይዝ እንችላለን። አንደኛው፣ «አልቆለታል» ከማለታችን በፊት ዘይቱን መለካትና የሚወጣበትን ቦታ ማየት ነው፤ በእኛ ታሪክ ይህ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ሁለተኛው፣ የፈታነውን መቁጠር ነው። ለትምህርት ክፍላችንም አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ወርክሾፓችን ውስጥ ካሉት አሮጌ መኪናዎች አንዷ አውቶማቲክ ብትሆን፣ እያንዳንዱ ተማሪም ከመመረቁ በፊት አንድ ጊዜ ኮንቨርተር በእጁ አስገብቶ ያን የመጨረሻውን ድምፅ ቢሰማ ጥሩ ነው። በሥዕል ብቻ ያየነው ሰው መኪና ላይ ሲያጋጥመን አውጥተን መጣል ይቀለናል። ጥያቄ ያለው ወርክሾፕ ያገኘኛል።